በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ክስ፦ በኦልድ ቤይሊ መዝገብ ለምን ጠፋብኝ?

ብራና_ገላጭ፦
በ1750ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ የሴተኛ አዳሪ ቤት ከፍተው የተከሰሱ ሰዎችን እየፈለግኩ ነው። የኦልድ ቤይሊ ችሎት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ስላለ ከዚያ ጀመርኩ። ሌባውና ነፍሰ ገዳዩ ሞልቷል፤ የቤቶቹ ክስ ግን ከእፍኝ አይበልጥም። ኮቨንት ጋርደንና ድሩሪ ሌን ደግሞ በእነዚህ ቤቶች ስማቸው የገነነ ሰፈሮች ነበሩ። ክሱ የት ነበር የሚታየው? ማንስ ነው የሚከሰው? እነዚህን ቤቶች ለመክሰስ የወጣውን የ1751 ሕግ አንብቤዋለሁ፤ የ20፣ የ30 እና የ10 ፓውንዱ ነገር ግን ተምታታብኝ።

ዶሴ_አገላባጭ፦
ትክክል ያልሆነው የያዙት መዝገብ ነው። ኦልድ ቤይሊ በዋናነት የከባድ ወንጀል ችሎት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት መያዝ በኮመን ሎው (በዳኞች ውሳኔ በዳበረው የእንግሊዝ ሕግ) የሕዝብን ሰላም የሚያውክ ቀላል ወንጀል ስለነበር፣ የሚታየው የሰላም ዳኞች በሚሰየሙበት የሩብ ዓመት ችሎት (ሴሽንስ) ነው። የሚድልሴክስ አውራጃው በሂክስ ሆል፣ የሲቲው (የጥንቱ የለንደን ከተማ ክፍል) በጊልድሆል ይሰየም ነበር፤ ዌስትሚንስተርም የራሱ ነበረው።

ማን ይከሳል ላሉት፣ ጎረቤት። አቃቤ ሕግ አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ፖሊስም እንዲሁ። ኮንስታብሉ (የአጥቢያው ጸጥታ አስከባሪ) ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ተራ የደረሰው ባለሱቅ ወይም የእጅ ሙያተኛ ነው። ስለዚህ ክስ ማስጻፊያውም ምስክር ማቅረቢያውም ከከሳሹ ኪስ ነበር የሚወጣው። የ1751 ሕግ ሊፈታው የሞከረው ይህንን ነው። የአጥቢያውን ግብር የሚከፍሉ ሁለት ነዋሪዎች ለኮንስታብሉ በጽሑፍ ያመለክታሉ። እሱም ይዟቸው ወደ ሰላም ዳኛ ይሄዳል። እዚያ፣ ያመለከትነው እውነት ነው ብለን እናምናለን ብለው ይምላሉ፤ ቀርበው እንደሚመሰክሩም እያንዳንዳቸው የ20 ፓውንድ ግዴታ ይፈርማሉ። ኮንስታብሉ ደግሞ ክሱን ከዳር ሊያደርስ የ30 ፓውንድ ግዴታ ይገባል። የተምታታብዎት እዚህ ጋ ይመስለኛል፦ ይህ ብር ማንም እጅ አይገባም፤ የፈረመው ከቀረ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

በእጅ የሚቆጠረው 10 ፓውንዱ ነው። ከተፈረደ የአጥቢያው የድሆች ሹሞች ለሁለቱም ነዋሪዎች 10፣ 10 ፓውንድ ይሰጣሉ፤ የኮንስታብሉንም ወጪ ይተካሉ። አንከፍልም ካሉ እጥፍ ይቀጣሉ። ኮንስታብሉ ቸል ካለ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 20 ፓውንድ ይከፍላል። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ለድሆች ከሚሰበሰበው ግብር ነው። እንግዲህ ጎረቤት የሚሸለመው ራሱና ጎረቤቶቹ ካዋጡት ነው። ሹሞቹ በደስታ የሚከፍሉት ዓይነት ወጪ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሕጉ የ1751ም የ1752ም ተብሎ ይገኛል። የፓርላማው ጉባኤ የተከፈተው በ1751 መጨረሻ፣ ሕጉ የጸደቀው በ1752 ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የጊዜ ገደብ ነበረው፤ በ1755 ነው ቋሚ የተደረገው።

ችሎት_ታዛቢ፦
ማስረጃው ላይ ልጨምር። ክሱ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም መጥራት አይጠበቅበትም። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ስመ ክፉ ወንዶችና ሴቶች ሌት ተቀን እንዲሰበሰቡ አድርጓል የሚል አጠቃላይ ቃል ይበቃዋል። ምስክሩም ጎረቤት ባየውና በሰማው ላይ ይቆማል፦ በውድቅት ሌሊት የሚገባው የሚወጣው፣ ጩኸቱ፣ ድብድቡ።

ክሱ የሚሰናከለው ቤቱ የማን ነው በሚለው ነው። ኪራይ የሚከፍለው ሌላ፣ ደንበኛ የሚቀበለው ሌላ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ። ለዚህ ነው ሕጉ፣ እንደ ጌታ ወይም እንደ እመቤት ሆኖ ቤቱን ሲያስተዳድር የታየ ሰው እውነተኛው ባለቤት ባይሆንም እንደ ባለቤት ይቆጠራል ያለው። ከዚያ በፊትም በ1705 አንድ ክፍል ብቻ የተከራየ ሰው በዚያች ክፍል ሊከሰስ እንደሚችል ተወስኗል። ባለትዳሯም ከባሏ ጀርባ መደበቅ አትችልም፤ ነገሩ የንብረት ሳይሆን ቤት የማስተዳደር ጉዳይ ነው ተባለ። ማስተዳደሩ ደግሞ የሚስት ድርሻ ነው!

ከክሱ ማምለጫ ሁለተኛው ዘዴ መዝገቡን ወደ ኪንግስ ቤንች (ከፍተኛ ፍርድ ቤት) አስዛውሮ ከሳሹን በወጪና በጊዜ ማሰልቸት ነበር። ሕጉ ይህን በግልጽ ከለከለ።

ቅጣቱ መቀጮ፣ እስራት፣ አንዳንዴም አንገትና እጅ ተቀፍድዶ አደባባይ መቆም ነበር። መቀጮው አነስተኛ ሲሆን ቅጣቱ ቀላል ነው ብለው አይለፉት። የእንዲህ ያለ ቤት ባለቤት የነበረችው ኤልዛቤት ኒድሃም በ1731 የተቀጣችው 1 ሺሊንግ ነው፤ አደባባይ ስትቆም ግን ሕዝቡ ወግሯት በቀናት ውስጥ ሞተች።

ብራና_ገላጭ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መንገድ ላይ የምትቆመው ሴትስ? እሷም በሴሽንስ ናት?

ዶሴ_አገላባጭ፦
አይደለችም። ሴተኛ አዳሪነት ራሱ ወንጀል ተብሎ አልተጻፈም። የሌሊት ዘበኛ ወይም ኮንስታብል ይይዛታል፤ ጠዋት ዳኛ ፊት ትቀርባለች፤ “ሥራ ፈት፣ ልቅና ሥርዓት አልባ” ተብላ ያለ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ወደ ማረሚያ ቤት ትላካለች። ከሲቲው ወደ ብራይድዌል፣ ከዌስትሚንስተር ወደ ቶትሂል ፊልድስ፣ ከሚድልሴክስ ወደ ክለርከንዌል። እዚያ የገመድ መሥሪያ ቃጫ እየወቀጠች ትቆያለች። ስለዚህ የክስ ጽሑፍ አይፈልጉላት፤ ወደ ማረሚያ ቤቶቹ የገቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያገላብጡ።

ኦልድ ቤይሊ ላይ የምትገኘው ሰዓትና ቦርሳ ሰርቃለች ተብላ ነው። ሳይታወቅበት ከሰው ገላ ላይ ከ12 ፔንስ በላይ መስረቅ በሞት ያስቀጣ ነበር። ከሳሹ ደንበኛዋ ስለሆነ ከማን ቤት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ጠጥተው የሚለው ሁሉ በቃለ ምስክሩ ይወጣል። የቤቶቹን የውስጥ ኑሮ ከፈለጉ ከእነዚህ የተሻለ የለም።

ችሎት_ታዛቢ፦
ኮንስታብሉ ሲይዛትም ወሰን አለበት። በ1709 አንድ ኮንስታብል ከራሱ አጥቢያ ውጭ፣ ኮቨንት ጋርደን ላይ አንዲት ሴት ያዘ። ወታደሮች ሊያስጥሏት ገቡና አጋዡ ጆን ዴንት ተገደለ። ከ12ቱ ዳኞች 7ቱ፣ አያያዙ ሕገ ወጥ ስለሆነ ግድያው የታሰበበት አይደለም አሉ። ከዚያ በኋላ ኮንስታብሎች ያለ ማዘዣ እጃቸውን ቢሰበስቡ አይገርምም።

ሴሽንስ ሲገቡ ደግሞ ከክስ ጽሑፎቹ በፊት የግዴታ ፊርማዎቹን ይቁጠሩ። ብዙው ጉዳይ ጁሪ ሳያየው በመሃል ስለሚቀር ፊርማው ብቻ ነው የሚገኘው፤ የፈራሚው ስም፣ ሙያና አጥቢያ ያለውም እዚያ ላይ ነው።