የጣና ደንገል ይከለል ወይስ በተራ ይታጨድ?

መነሻ፦ ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ግልገል ዓባይ ወንዝ አፍ የቀረው ደንገል፣ ማለትም ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ ሙሉ በሙሉ ይከለል፣ ማጭድ አይግባበት የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮ ከነዋሪው ጋር የሚጠበቅበት ቦታ) ነው። ምን ትላላችሁ?

የሐይቅ ዳሩ፦ ይከለል። ግልገል ዓባይ በክረምት የሚያመጣውን ደለል የሚይዘው ደንገሉ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦችም እዚያው ውስጥ ይራባሉ።

ባለ ማጭድ፦ ደንገሉን የጨረሰው ሞፈር ነው እንጂ ማጭድ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. ተገድቦ፣ በ2002 ደግሞ ውኃው በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መሄድ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ነው። በበጋ የሸሸበትን ዳርቻ «ባሕር ሸሽ» ብሎ ማረስ መጣ። ማጨድማ ወግ አለው። የደረሰው ብቻ ይመረጣል፤ ለጋው ሥሩን ስለሚመግብ አይነካም። ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር አስቀርቶ መቁረጥ ነው። ከውኃ በታች ከተቆረጠ ጉቶው ውኃ ይሞላና አየር ወደ ሥሩ አይወርድም፣ ይበሰብሳል። የታጨደው ቦታ ቢያንስ ዓመት ይረፍ።

የአፈር ሰው፦ በሞፈሩ ነገር እስማማለሁ፤ የባሰው ግን ቦዩ ነው። ከደንገሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ውኃ አፍኖት በደንብ ያልበሰበሰ ሥርና አገዳ ነው። ቦይ ቆፍረው ሲያጠነፍፉት አየር ይገባዋል፣ ይበሰብሳል፣ መሬቱም ይሰምጣል። የመጀመሪያው አዝመራ ያማልላል። ኋላ ማሳው ዝቅ ይልና ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። ደርቆ ሳለ እሳት ከነካው ደግሞ ከመሬት ሥር እየጨሰ ይሄዳል፤ ላዩን ውኃ ቢረጩበት አይጠፋም። ዙሪያውን እርጥቡ አፈር እስኪገኝ ቆፍሮ መክበብ ነው።

የሐይቅ ዳሩ፦ እሺ፣ በተራ ይታጨድ እንበል። አራት ቦታ ተከፍሎ ሦስቱ ሲያርፉ ከብት ገብቶ ለጋውን ይግጠዋል። ማን ሊጠብቀው ነው?

ባለ ማጭድ፦ ታንኳ ሠሪው ነዋ! ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በወራት ውስጥ በሌላ ይተካል። ደንገል ካለቀ እንጀራው አለቀ። እሱን አስወጥታችሁ ብትከልሉት ከብት የሚመልስ ሰው አይኖርም።

የአፈር ሰው፦ እንግዲያው ተራው ከመከፈሉ በፊት ቦዮቹ ይደፈኑ። በበጋ፣ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ሐይቁ እየወረዱ፣ በየመካከሉ ሸክላ አፈር እየጠቀጠቁ። የደረቀው ጥቁር አፈር ውኃ ስለሚያሾልክ ለመድፈኛ አይሆንም።