አስቸኳይ፦ ለመኝታ ቤት የሚሆን ድምፁ የማይረብሽ የአየር ማጣሪያ

የከዚራዋ፦ ሰላም ድሬዎች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ አስም አለባት። መኝታ ቤቷ ያለው የአየር ማጣሪያ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ስናጠፋው አቧራው ያስላታል፣ ስናበራው እንቅልፍ የለም። ዛሬውኑ ሌላ መግዛት አለብኝ። ድምፅ የሌለው የቱ ነው? ታይዋን ገበያ ይገኛል?

ሳቢያን፦ አቦ፣ ጭራሽ ድምፅ የሌለው የለም፣ ውስጡ ፋን አለ። ካርቶኑ ላይ ዲሲቤሉን፣ ማለትም የድምፁን መጠን እዪ። በዝቅተኛው ፍጥነት 25 አካባቢ ካለ ውሰጂው።

የገንደቆሬ ልጅ፦ የምን ማጣሪያ? በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ማን ይተኛል? ከተከፈተ ደግሞ ማሽኑ የደቻቱን አቧራ ሁሉ ሊያጣራ ነው? ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ መጋረጃውን እጠቡ። እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው።

የከዚራዋ፦ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ኤሲ አላት። ወለሉም ይወለወላል። ማጣሪያ ይጠቅማታል ያለን ሐኪሟ ነው። እባካችሁ ስለ ማሽኑ ንገሩኝ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ዲሲቤል ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ። ሲኤዲአር የሚባል ቁጥር አለ። ማሽኑ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹህ አየር እንደሚሰጥ ይናገራል። የክፍሉን ስፋት አልነገርሽንም። 4 በ4 ሆኖ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል፣ 48 ሜትር ኩብ ይሆናል። አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ ያህል እንዲጣራ ከፈለግሽ 240 ያስፈልግሻል። ግን ያ ቁጥር የሚለካው ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው፣ ያኔ ደግሞ ይጮሃል። ሻጮች ከፍተኛውን ሲኤዲአርና ዝቅተኛውን ዲሲቤል ጎን ለጎን ይጽፋሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም! ስለዚህ 400 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ገዝተሽ በዝቅተኛ ፍጥነት አሠሪው። እንቅልፍ የሚነሳው ትንሹ ማሽን ነው፣ ክፍሉን ለማዳረስ ሌሊቱን ሙሉ፣ በሙሉ ኃይሉ ስለሚሠራ። ፊልተሩም ደቃቅ ብናኝ የሚይዘው እውነተኛ ሄፓ ይሁን። «ሄፓ መሰል» የሚሉት ሌላ ነው።

ሳቢያን፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ 25 ዲሲቤል።

ጀጎል፦ እናትሽን ይዘሽ ሐረር ነይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ኤሲውም ይቀራል። አላህ ያሽራት።

ነርስ ነኝ፦ ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚያመነጭ ማሽን እንዳትገዢ፣ አንዳንዱ አዮናይዘር (አየሩን በኤሌክትሪክ የሚሞላው) ኦዞን ይለቃል። ኦዞን አስም ይቀሰቅሳል። ዕጣንና ከሰል ከክፍሏ ይራቁ። ሄፓ ብናኝ ይይዛል እንጂ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አያስቀርም። ፓፏ ከራስጌዋ አይራቅ። መተንፈስ ካቃታት ማሽን ፍለጋ አትዙሪ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰጃት።

የከዚራዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው ሳሎን ነው የሚፈላው፣ አሁን በረንዳ እናወጣዋለን። የሚገርመው ማሽኑ ገና አዲስ ነው፣ ፊልተሩን እንኳን ትናንት ነው የቀየርነው።

ጠጋኙ፦ ቆይ ቆይ። ትናንት ፊልተር ቀየርሽ፣ ትናንት ማታ መጮህ ጀመረ? አዲስ ፊልተር ብዙ ጊዜ በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ላስቲኩ ካልወጣለት አየር አያልፍም። አየሩን የሚለካ ሴንሰር ካለው ደግሞ ክፍሉ አልጸዳም ብሎ ፋኑን እስከ ጥግ ያስኬደዋል። ሶኬቱን ንቀይና ክፈቺው። ላስቲክ ከሌለ ፊልተሩ ቦታው ላይ ገጥሞ መቀመጡን እዪ፣ ክዳኑ ካልገጠመም ይንቀጠቀጣል። የፊት ለፊቱን ወንፊት ከአቧራ አጽጂው። ሄፓውን ግን በውሃ እንዳታጥቢ፣ ይበላሻል። ይሄን ሳታዪ ብር እንዳታወጪ!

ሳቢያን፦ ታይዋን ከሄድሽ ግን 220 ቮልት መሆኑን አረጋግጪ። የ110ው ቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ከመክፈልሽ በፊት እዚያው አስበሪውና ጆሮሽን አስጠግተሽ ስሚው።

የገንደቆሬ ልጅ፦ የከዚራዋ፣ ላስቲክ ነበረው እንዴ? ከገዛሽም ዋጋውን ጻፊልን፣ ለአባቴ እያሰብኩ ነው።