የደም ዝውውርን ማን አገኘው ይበል? ለልጄ የክፍል ገለጻ እርዱኝ

የአቤል እናት፦ ሰላም ናችሁ? ልጄ 9ኛ ክፍል ነው፤ አርብ ስለ ደም ዝውውር ግኝት ታሪክ ክፍል ፊት ያቀርባል። እሱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ ብሎ ጽፎ ነበር፣ ጓደኛው ደግሞ "ኢብን አል-ነፊስ ቀድሞታል" ብሎ ተከራከረውና ተምታታበት። ማንን ይጥራ? የሚያሳየው ቀላል ሙከራ ካለም ጠቁሙኝ፤ ደም የሚፈስበት አይሁን እንጂ!

ኑሩ፦ እህቴ፣ ጓደኛው እውነቱን ነው። ኢብን አል-ነፊስ ሐኪም ነበር፤ ትውልዱ ከደማስቆ ወገን ነው፣ የኖረው ካይሮ። ያኔ ሁሉም የሚያምነው የጥንቱን ሐኪም ጋለንን ነበር፤ ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራ የሚያልፈው መሃል ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ይል ነበር። ኢብን አል-ነፊስ በ1242 (በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ግድግዳው ድፍን ነው፣ ደሙ በሳንባ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ተረስቶ ቆይቶ በ1924 አንድ ግብጻዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ አገኘው።

ብሩክ፦ ልክ ነው፣ ግን ያ የልብና የሳንባው መንገድ ብቻ ነው። ደም መላ አካልን ዞሮ ወደ ልብ ይመለሳል ብሎ በማስረጃ ያሳየው ሃርቬይ ነው፣ በ1628። ጋለን ጉበት ከምግብ ደም እየሠራ ሰውነት ይጨርሰዋል ነበር የሚለው። ሃርቬይ ሂሳብ ሠራ። ልብ በአንድ ምት ግማሽ አውንስ (ወደ 15 ግራም) ብቻ ብትረጭና በግማሽ ሰዓት 1000 ጊዜ ብትመታ፣ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ይሄን ሁሉ ደም የትኛው ምግብ ነው የሚሠራው? ያው ደም እየዞረ ካልሆነ በቀር አያስኬድም። ልጁ ሰሌዳ ላይ ያባዛላቸው፣ ክፍሉ ይነቃል።

ሰናይት ነርሷ፦ ሙከራው ከእኔ። ሃርቬይ ራሱ የሠራው ነው። ከክርን በላይ በጨርቅ ለዘብ አድርጎ ይሰር፤ የእጅ አንጓው ላይ ትርታው መጥፋት የለበትም። ደም መልሶቹ ያብጣሉ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ቋጠሮ ይታያል። ቫልቮቹ ናቸው፤ ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ በሮች ማለት ነው። አንዱን ስር ወደ መዳፍ በሚቀርበው በኩል በጣት ይጫን፣ በሌላኛው ጣት ደሙን ወደ ላይ እየገፋ ከቋጠሮው ያሳልፈውና የላይኛውን ጣት ያንሳ። ስሩ ባዶ እንደሆነ ይቀራል፣ ከላይ ተመልሶ አይወርድም። የታችኛውን ጣት ሲያነሳ ግን ወዲያው ይሞላል። ከአንድ ደቂቃ በላይ ታስሮ አይቆይ።

የአቤል እናት፦ ተባረኩ! ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን ይሻገራል ብለው ቢያፋጥጡትስ?

ብሩክ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሃርቬይም አላየውም። መሻገሪያ መኖር አለበት ብሎ ነው በ1657 የሞተው። በ1661 ጣሊያናዊው ማልፒጊ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሁለቱን የሚያገናኙትን ቀጫጭን የደም ስሮች፣ ካፒላሪዎችን አገኘ።

ዳኒ ታሪክ፦ ስፔናዊው ሐኪም ሰርቬተስም አለ እኮ፣ ስለ ደም ስለጻፈ ጄኔቫ ላይ ያቃጠሉት።

ኑሩ፦ ዳኒ፣ ያቃጠሉት በሃይማኖት ነው። ሥላሴን ክዷል ብለው ነው በ1553 የፈረዱበት፤ የሳንባውን ነገር የጻፈውም እዚያው የሃይማኖት መጽሐፉ ውስጥ ነው። አቤል ይሄን ይተወው፣ ሰዓት ይበላበታል።

ሰናይት ነርሷ፦ ደግሞ ክንዱ ላይ ስሩ ጎላ ብሎ የሚታይ ልጅ ከወዲሁ ይምረጥ።