በዲኤክስ ኮሮላ ላይ የቪትዝ ሞተር ይገጠማል?

ጠያቂው፣ ሱሉልታ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ሞተሩ ባለካርቡራተር 4ኬ፣ 1,290 ሲሲ ሲሆን የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። የምሠራው ፒያሳ ነው። ማታ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ነዳጁም አልተቻለም። አካሉን ግን ዝገት አልነካውም፣ የአባቴም መኪና ስለነበረ መሸጥ አልፈልግም። አንድ ጋራዥ የቪትዝ ሞተር፣ 1ኤንዜድ የሚባለውን፣ በሳምንት ገጥሞ እንደሚያስረክበኝ ነግሮኛል። እውነት ይሆናል? ከሞተሩ ጋር ምን ምን ይቀየራል?

አሮጌው መካኒክ፣ ቃሊቲ

በሳምንት ያለህ ሰው ሥራውን አያውቀውም፣ ወይም መኪናህን አላየውም። ዲኤክስ የሚለው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ በወጣው፣ በፊት ጎማ በሚነዳው ኮሮላ ላይም አለ፤ ምናልባት ያሰበው እሱን ይሆናል።

የቪትዝ ሞተር የሚቀመጠው በመኪናው ወርድ ተጋድሞ ነው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ላይ ሆነው የፊት ጎማዎችን ያዞራሉ። ያንተ ሞተር ደግሞ በቁመት ተቀምጦ፣ ከካምቢዮው በሚወጣ ረጅም ዘንግ የኋላውን ዲፈረንሻል ይነዳል። ሞተሩን አዙሮ ማስቀመጡ ከባድ አይደለም፤ ችግሩ ከኋላው የሚገጥም ካምቢዮ ማግኘቱ ነው። በቶርኖ የተሠራ ማያያዣ ትንሽ ከመሐል ከወጣ ፍሪሲዮንህን ይበላዋል።

ዘመናዊ ሞተር ካልክ የቶዮታ አቫንዛን ፈልግ። የመጀመሪያው አቫንዛ ሞተር ባለ1.3 ሊትሩ ኬ3-ቪኢ፣ ባለ1.5 ሊትሩ 3ኤስዜድ-ቪኢ ይባላል፤ ሁለቱም በቁመት ይቀመጣሉ፣ የኋላ ጎማ ይነዳሉ። ሞተሩን ከነካምቢዮው ግዛ። የዳይሃትሱ ቴሪዮስም ሞተር ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ቴሪዮስ ካምቢዮ ግን ወደ ፊትም ኃይል ስለሚያወጣ አይመችህም።

የድሮ ኮሮላ ወዳጅ፣ ሰበታ

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በመጀመሪያ የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ግፊት አስለካ። ደህና ከሆነ ጥፋቱ የካርቡራተሩ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ያንተ መንገድ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁሩ ጭስም ከዚያ ይመጣል። ሞተሩ ካረጀም የ4ኬ ታላቅ ወንድም የሆነው 5ኬ አለልህ። 1,486 ሲሲ ነው፣ የራስህን ካምቢዮ ይቀበላል፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ማንም መንገድ ላይ ይጠግነዋል።

ጠያቂው፣ ሱሉልታ

አስለካሁት። ሦስቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው፣ አራተኛው ግን በጣም ወርዷል። 5ኬን አልናቅሁትም፤ ነገር ግን በየጊዜው ካርቡራተር መነካካት ሰልችቶኛል። ጋሼ ያሉት የአቫንዛ ሞተር ልቤን ገዝቶታል። በኤሌክትሪክ በኩል ምን ይጠብቀኛል?

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ፣ ለገጣፎ

ዋናው ድካም እዚያ ነው ወንድሜ። ሞተሩን ብቻ ከሶማሌ ተራ ተሸክመህ አትምጣ። ኮምፒውተሩ፣ ሙሉ የሽቦው መረብ፣ የጋዝ ፔዳሉና ሴንሰሮቹ ከአንድ መኪና የወጡ ይሁኑ። መኪናው የስርቆት መከላከያ ካለው ቁልፉንና ቁልፉን የሚያነበውን ሳጥንም ጨምር፤ ያለእነርሱ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ሽቦ ከመሐል የተቆረጠበትን ሞተር በርካሽ ቢሰጡህም እለፈው፤ የተረፈህን ገንዘብ እኔ እወስደዋለሁ።

ነዳጁን በቀላሉ አትየው። የድሮው ፓምፕህ የሚገፋው የአንድ ባር ክፋይ ነው፣ አዲሱ ግን 3 ባር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ግፊት ተቆጣጣሪ፣ ለዚህ ግፊት የተሠራ ቱቦና ማሰሪያ ያስፈልጋሉ። ተራ ጎማ ቱቦ በሽቦ ጠፍረው የሚያስረክቡ አሉ። በጋለ ሞተር ላይ በ3 ባር የሚረጭ ቤንዚን መኪናውን ያነደዋል።

ኮምፒውተሩ የአየሩን መሳሳት አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ጭሱም ይጠፋል። በከፍታው ምክንያት የሚጎድለውን ጉልበት ግን አይመልስልህም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል።

መኪና አሻሻጭ፣ ቡራዩ

ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ከመግዛትህ በፊት ሻጩ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እንዳለው ጠይቅ፣ መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤትም ሄደህ የሚፈልጉትን ሰነድ አጣራ። ቁጥሩ ሳይስተካከል ለዓመታዊ ምርመራ ብትቀርብ ቦሎም ትከለከላለህ፣ ስም ማዛወርም ይቸግራል።

ጠያቂው፣ ሱሉልታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ1.3ውን ከነሙሉ ዕቃው እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ ከየት ይጀመራል ይላሉ?

አሮጌው መካኒክ፣ ቃሊቲ

1.3ው ይበቃሃል፤ ፍሬንህም አይጨነቅም። የድሮውን ሳታወርድ አዲሱን መሬት ላይ በራሱ ሽቦ አስነሥተህ እየው። ከዚያ የዘይት መያዣው ከፊት ድልድዩ (ከሞተሩ ሥር ከሚያልፈው አግዳሚ ብረት) ጋር እንዳይጋጭ፣ የማርሹ ዘንግ የት እንደሚወጣ ለካ። የሞተር መያዣ የሚበየደው ይህ ሁሉ ከተለካ በኋላ ነው። ራዲያተርህ ካረጀ አዲስ ግዛ፤ በእኛ ከፍታ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ግፊት የማይዝ ክዳን ሞተር ያቃጥላል። ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ርዝመቱ መስተካከሉ አይቀርም። የሚበይድልህ ሰው የሚዛን ማሽን እንዳለው አስቀድመህ ጠይቅ፤ ሚዛኑ ካልተስተካከለ በሱሉልታ ሜዳ 80 ስትነዳ ወለሉ በሙሉ ይንቀጠቀጥብሃል።