የጋራ ፕሮፖዛል ሁለተኛ ረቂቅ፦ መንገዱ ይቅደም ወይስ ቦዩ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የመንግሥት ድጎማው ማመልከቻ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሁለቱ ሰፈሮች ማኅበራት በአንድ ወረቀት ስለምንቀርብ ረቂቁን እዚሁ እናስተካክለው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «1.4 ኪሎ ሜትር መንገድ ጠጠር እንዲለብስ ድጋፍ እንጠይቃለን።» «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» የሚል አስተያየት አልቀበልም። ባለፈው ሁላችሁም እንደዚያ ብላችሁ ነው ውድቅ የሆንነው።

ኢንጂነሩ፦ እንግዲህ እኔ ላበላሸው። ጠጠሩን ምን እንደሚያጥበው ረቂቁ ትንፍሽ አላለም። ትናንት ዝናቡ እንዳባራ የጎርፍ ማሳለፊያው ቱቦ ድረስ ወርጄ ነበር። ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹን ደለል ሞልቶታል። በእንጨት ስቆሰቁስ ፌስታል፣ የጀሪካን ቁራጭ፣ አንድ የጫማ ሶል ወጣ። ውሃው መግቢያ ሲያጣ መንገዱ ላይ ወጥቶ ዳር ዳሩን ይቦረቡራል። እዚያ ላይ ጠጠር ብናለብስ ክረምቱ ጠርጎ ይወስደዋል። ቱቦው በ90 ይቀየር። ተዳፋቱ ሳይለወጥ የሚያሳልፈው ውሃ 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

የላይኛው ሰፈር ተወካይ፦ ይቅርታ ኢንጂነር፣ አባሎቼ ያዋጡት ለመንገድ ነው። የተቀበረ ቱቦ ማን ያይልኛል? ነገ «ገንዘባችን የት ገባ?» ሲሉኝ ጉድጓድ ላሳያቸው?

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ እናንተ የማታዩት ውሃ እኛ ሳሎን ይገባል ወንድሜ።

ሒሳብ ሹሟ፦ ጭቅጭቁን ላቋርጥና፣ መመሪያውን ያነበበ አለ? ገንዘቡ ቀድሞ አይሰጥም። ሥራው ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው የሚተካልን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ከኪሳችን ሸፍነን መጠበቅ አለብን። ያለን ተቀማጭ ደግሞ 1.4 ኪሎ ሜትር ሙሉ አያስጀምርም። ሌላው የጉልበት መዋጯችን ነው። በማኅበረሰቡ ድርሻ የሚያዝልን ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ካለው ብቻ ነው። ውል ሳይፈረም የተሠራ ደግሞ አይቆጠርም። ባለፈው ወር ለሁለት ቀን የቆፈርነው፣ በቃ፣ ለነፍሳችን ይሁን።

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፦ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ያ ቦኖ ትዝ ይላችኋል? ሪባን ተቆርጦ፣ ተጨብጭቦ ተመረቀ። በዓመቱ ውስጧ ያለች አንዲት ጎማ ተበላች። የሚገዛት ጠፋ። የሠራው ክፍል «አስረክበናል» አለ፤ እኛ «የመንግሥት ነው» አልን። አሁን ልጆች ይቀመጡበታል። ይህም ከርክክብ በኋላ ማን እንደሚጠግነው ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

መምህሩ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። በጀቱን በየጊዜው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ የሚለውንም ጨምሩበት። ኡጋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። የተላከው መጠን በጋዜጣ መውጣት ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ።

ሒሳብ ሹሟ፦ መለጠፉ ጥሩ ነው። ግን የተለጠፈ ቁጥርም ይዋሻል። ኢንዶኔዥያ ከ600 በላይ መንደሮች መንገድ ሲሠሩ ተመራማሪዎች መንገዱን ራሱን እየቆፈሩ ናሙና ወስደው፣ የገባውን ቁስ ከተጻፈው ወጪ ጋር አመሳክረው ነበር። የመንግሥት ኦዲት እንደማይቀር አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች የጠፋው ወጪ በ8 በመቶ ነጥብ ቀነሰ። ስብሰባ ማብዛት ግን በአማካይ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ስብሰባ ለምትወዱ ይቅርታ።

የላይኛው ሰፈር ተወካይ፦ እሺ፣ ገባኝ። ቱቦና ቦይ ይቅደም። ግን የእኛ ዳገት 300 ሜትር ጠጠር ይግባበት። ያለሱ አባሎቼ ፊት አልቆምም።

ኢንጂነሩ፦ ቦዩ ከዳገቱ ጫፍ ከተጀመረ 300ው ይሄዳል። ቅዳሜ ሜትር ይዤ እመጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሰው ይዋሰኝ።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «በመጀመሪያው ምዕራፍ ባለ 60 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ በ90 ይተካል፤ ቦይ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይሠራል፤ ዳገቱ ላይ 300 ሜትር ጠጠር ይለብሳል። ቀሪው መንገድ በሁለተኛ ምዕራፍ ይጠየቃል። ከርክክብ በኋላ ቦዩን ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሁለቱ ማኅበራት ይጠርጋሉ። ለጥገና የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፤ የሚንቀሳቀሰው በሁለቱም ሰፈሮች ፊርማ ነው። የቁስ ልኬቱን ከማኅበራቱ ውጪ የሆነ ባለሙያ ያረጋግጣል።» ጋሼ፣ ይፈርማሉ?

ጋሼ፦ «ማኅበራት ይጠርጋሉ» ማለት ማንም አይጠርግም ማለት ነው። በየወሩ ተረኛ የሆነ ብሎክ ይጻፍ። ከዚያ እፈርማለሁ።

ጸሐፊዋ፦ የተራ ሰንጠረዡን በአባሪ አስገባለሁ። ንብረትም ዘርዝሩ ስለሚል፣ አካፋ ስንት አለን?

የታችኛው ሰፈር ተወካይ፦ እኛ ጋ አራት።

የላይኛው ሰፈር ተወካይ፦ ሦስት። አንዱ እጀታ የለውም።