ለ999 ብዜት 27 አንዶች ለምን አስፈለጉ?

በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፉ ብዜቶች ላይ እየሰራሁ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ከዜሮ የሚበልጠውን ትንሹን እፈልጋለሁ። ለምሳሌ የ7 ትንሹ 1001 ነው።

የጻፍኩት ፕሮግራም ከ1 ይነሳል። ከኋላ 0 ወይም 1 እየጨመረ ቀሪውን ይመዘግባል፤ የታየ ቀሪ ሲመጣ ይተወዋል። በደንብ ይሰራል።

የሚገርመው ዘጠኞቹ ላይ ነው። ለ9 ዘጠኝ አንዶች፣ ለ99 አሥራ ስምንት፣ ለ999 ሃያ ሰባት ይወጣሉ። መሃላቸው አንድም ዜሮ የለም።

የ9ኙ ግልጽ ነው፤ የአኃዞቹ ድምር በ9 መካፈል አለበት። ለ99 ደግሞ 11 ረዳኝ። በተጋማሽና በኢ-ተጋማሽ ቦታ ያሉት አንዶች ልዩነት በ11 መካፈል አለበት። አንዶቹ 9 ብቻ ከሆኑ ልዩነቱ ኢ-ተጋማሽ ነው፤ ከ9ም አይበልጥም። ስለዚህ 0ም 11ም አይሆንም፤ ቀጣዩ 18 ነው። ይህችን ማረጋገጫ በጣም ወድጃታለሁ።

999 ላይ ግን ተያዝኩ። 27 ጊዜ 37 ነው፤ 37 ደግሞ እንደ 11 አይመችም። ዜሮዎች የትም ሊገቡ ስለሚችሉ አቀማመጡን አንድ በአንድ ማየት አያዋጣም።

ዘጠኞቹ ስንትም ቢሆኑ የአንዶቹ ብዛት ከእነሱ ብዛት 9 እጥፍ እንደማያንስ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ማረጋገጫ ከየት ይጀመራል?