ናይት ኤልፍ፦ ሌሊት አንበሳ፣ ቀንስ?

ሌሊት ወፍ፦
ዋርክራፍት 3 የሚባለውን የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ የምትጫወቱ ሁሉ፣ ዛሬ ይሄን ነገር እንጨርሰው። ጨዋታው አራት ወገን አለው፦ ሂውማን፣ ኦርክ፣ አንዴድ፣ ናይት ኤልፍ። እኛ ኤልፍ የምንይዝ ሰዎች ሁሌ የምንሰማው "ወረቀት ናችሁ፣ ስትነኩ ትቀደዳላችሁ" ነው። እኔ አልስማማም።

ኢኮኖሚውን ብቻ እዩት። ሠራተኛችን ዊስፕ እንጨት ሲያመጣ ዛፉን አይቆርጥም፣ ወደ ቤዝም (ወደ ሰፈራችን) አይመላለስም። የካርታው ጥግ ላይ ብታስቀምጠው እዚያው ሆኖ ይሠራልሃል። ወርቅ የሚያወጡት አምስቱ ደግሞ ማዕድኑ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። የጠላት ሂሮ (መሪ ጀግናው) መጥቶ ሠራተኛ ላሳድድ ቢል የሚያሳድደው የለም፣ በዛፍ የታሰረውን ማዕድን ራሱን ማፍረስ አለበት። ሂሮም ዩኒትም (ተራውን ወታደር) የሚያክም ሙን ዌል የሚባል ጉድጓድ አለን። ሌሊት ተዋጊዎቻችን አርቸርና ሀንትረስ ከቆሙ አይታዩም። የቱ ጋ ነው ድክመቱ?

የግሩንት ወንድም፦
ድክመቱማ "ሌሊት" ያልከው ጋ ነው።

ጨዋታው የሚጀምረው በራሱ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የሚመሸው 12 ሰዓት ላይ። ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ በእኛ ሰዓት 8 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት እስኪመጣ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትጠብቃለህ። እኔ እስከዚያ የኦርክ ሂሮዬን ብሌድማስተርን ይዤ ደጅህ ደርሻለሁ።

ሙን ዌል ማና (የድግምት ኃይል) የሚሞላው ሌሊት ብቻ ነው። የዩኒቶችህም ቁስል በራሱ የሚሽረው ሌሊት ብቻ። ልክ ሲነጋ መጥቼ ጉድጓዶችህን አንድ ጊዜ ካስጨረስኩህ 4 ደቂቃ ሙሉ ደረቅ ጉድጓድ ታቅፈህ ትቀመጣለህ። የእኔ የኦርክ ተዋጊ፣ ግሩንት፣ ቀንም ሌሊትም ይድናል። ይሄ ወገን ግማሹን ጨዋታ ታሞ ነው የሚያሳልፈው።

ሳሮን፦
የግሩንት ወንድም የሰዓቱ ነገር ልክ ነህ፣ ግን ትልቁ ችግር እሱ አይመስለኝም። ትልቁ ችግር ፊት የሚቆም መጥፋቱ ነው።

አርቸር 130 ወርቅና 10 እንጨት ናት፣ ርካሽ ናት፣ ትተኩሳለች፣ ጥሩ። ጋሻዋ ግን መካከለኛ የሚባለው ዓይነት ነው። ሰይፍና መጥረቢያ የያዘ ተራ ተዋጊ ሲመታት ጉዳቱ 150 በመቶ ይሆናል። የሂውማኑ እግረኛ ፉትማን አጠገቧ ከደረሰ አለቀላት። ሀንትረስ ትቁምልኝ ትላለህ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጨዋታው ሲወጣ እውነትም ትቆም ነበር፣ ሰው ሀንትረስ ብቻ ሰብስቦ ያሸንፍ ነበር። በ2003 ማስፋፊያው ፍሮዝን ስሮን ከመጣ በኋላ ግን ቀስት የያዘ ሁሉ ይለቅማታል።

ስለዚህ ወደ ድብ የሚለወጡት ተዋጊዎቻችን፣ ድቦቹ፣ እስኪደርሱ ድረስ ፊት ላይ የሚቆመው ሂሮው ብቻ ነው። ሂሮህ ዲመን ሀንተር ሞተ ማለት ሠራዊትህ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሌሊት ወፍ፦
ሳሮንዬ፣ ዲመን ሀንተርን እንዲህ ቀላል አድርገሽ አትለፊው እንጂ! አንደኛ ደረጃ ማና በርን የሚባለው ድግምቱ ብቻ 50 ማና ያቃጥላል። የአንዴዱ ሂሮ ዴዝ ናይት ኮይል የሚባለውን ድግምት ለመጣል 75 ይፈልጋል። ሁለቴ ካቃጠልሽው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ነው።

አሮጌ እጅ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ዊስፑን ረሳችሁት። ኤልፍ የሚያስከፍለውም የሚከፍለውም እሱ ጋ ነው።

ክፍያው ይሄ ነው። አንሸንት ኦፍ ዋር፣ አንሸንት ኦፍ ሎር፣ የሚሄዱት የዛፍ ሕንፃዎች በሙሉ ሲሠሩ ዊስፑን ይበሉታል። 60 ወርቅ ሄደ፣ ሠራተኛህም ሄደ። የሌላው ወገን ሠራተኛ ሠርቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጀማሪ ይሄን ሳይቆጥር ሦስት ሕንፃ ያቆምና "ወርቄ የት ገባ" ይላል።

ጥቅሙ ደግሞ ሲፈነዳ ነው። የሂውማኑ ሂሮ አርክሜጅ ዋተር ኤለመንታል የሚባል ፍጡር ጠርቶ ቤዝህ ገባ እንበል። አንድ ዊስፕ አስጠግተህ ታፈነዳለህ። የተጠራው ፍጡር 225 ጉዳት ይቀበላል፣ እዚያ አካባቢ ያለው ሁሉ ደግሞ 50 50 ማና ይቀነስበታል። ሁለት ካፈነዳህ አርክሜጁ በባዶ እጁ ቆሟል። እንግዲህ 60 ወርቅ የሚያወጣ ሠራተኛ የጠላትን ሂሮ ባዶ ሲያስቀር የት አይታችኋል? ብቻ ጣት ይፈልጋል። ዊስፑ ሳይፈነዳ ከተገደለብህ ከስረሃል።

ዛፎቹም ተነስተው ይዋጋሉ፣ ዛፍ በልተው ይድናሉ። ሥራቸውን ሲነቅሉ ግን የሕንፃ ጋሻቸውን ያጣሉ። ሰነፍ ተጫዋች ነቅሎ ይዘምትና ያስቆርጠዋል።

የግሩንት ወንድም፦
ጋሼ፣ "ጣት ይፈልጋል" ያሉት እኮ እኔ የምለው ነው። በጣት የሚኖር ወገን ደካማ ነው። እኔ ግሩንቶቼን ወደ እናንተ ጠቁሜ ሻይ ልጠጣ እችላለሁ።

ሌሊት ወፍ፦
ታዲያ ሙን የሚባለው ተጫዋችስ? ኮሪያዊው ጃንግ ጄ-ሆ ኤልፍ ይዞ ስንቱን አንበረከከ። "አምስተኛው ወገን" እስከመባል ደርሷል!

ሳሮን፦
እሱ ለአንተ ማስረጃ አይሆንህም። ሰውዬው ከአራቱም ወገን የተለየ ነው ስለተባለ ነው አምስተኛው የተባለው። ወገኑ ጠንካራ ቢሆንማ "ኤልፍ ስለያዘ ነው" ይሉት ነበር።

አሮጌ እጅ፦
ሃሃ፣ ይቺ ጥሩ ናት። ግን አንቺም የዘለልሽው ነገር አለ፣ የምግቡ ጣሪያ። ጦርሽ የሚበላው ምግብ ከ50 ካለፈ ከምታወጪው 10 ወርቅ እጅሽ የሚገባው 7 ነው። ሌላው ወገን ዩኒት ስለሚሞትበት ይተካል፣ ለመተካት ደግሞ ወርቅ ያፈሳል። ኤልፍ 50 ላይ ቁጭ ብሎ ያሉትን ያድናል። ድቧ ልትሞት ስትል ስታፍ ኦፍ ፕሪዘርቬሽን በሚባለው በትር ወደ ቤት ትልኪያታለሽ፣ ሙን ዌል ጠጥታ በእግሯ ትመለሳለች። ጠላት ያን ያህል ደክሞ ልምድም አላገኘ፣ ዩኒትም አልገደለ። ይሄ ነው ኤልፍን የሚያስጠላው። እኔ በበኩሌ ሂውማን ይዤ ስጫወት ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ የለም።

ድራያድ የምትባለውን ተዋጊም አትርሱ። ድግምት አይነካትም፣ የጠላትን ድግምት ታነሳለች፣ መርዟ ያዘገያል። ድብና ድራያድ አንድ ላይ ከወጡ በኋላ "ወረቀት" የሚባል ነገር የለም።

ሳሮን፦
እሺ ይሁን፣ ከወጡ በኋላ። እስኪወጡ ያለውን ነው እኮ የምለው።

እኔ እንደሚመስለኝ ኤልፍን ደካማ ወይ ጠንካራ ብሎ መፈረጅ ራሱ አያስኬድም፣ የሚወስነው ፊት ለፊቱ ያለው ነው። በማና የሚኖር አንዴድ ሲመጣ ዲመን ሀንተርና ድራያድ መልስ አላቸው። የሚጠራ ፍጡር ይዞ ለሚመጣ ሂውማን ዊስፕ አለ። ኦርክ ላይ ግን በማና የሚኖር ጦር የለም፣ ዝም ብሎ መጥቶ ይቆርጥሃል። የሚበረውን ኪሜራ አሠርቼ ሕንፃውን ላፍርስ ብትል የኦርኩ ሬይደር መረብ ወርውሮ መሬት ያወርድልሃል።

የግሩንት ወንድም፦
አሁን ገና ሰው ተናገረ! ንገሩኝ እስቲ፣ ብሌድማስተሬ በዊንድ ዎክ ተሰውሮ ገብቶ አርቸሮቹን አንድ በአንድ ሲለቅም ምን ታደርጋላችሁ? ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ሌሊት ወፍ፦
ሱቃችን አንሸንት ኦፍ ወንደርስ ዱቄት ይሸጣል፣ ትበትነዋለህ፣ የተሰወረው ይታያል። ሙንስቶንም ይሸጣል። ቀን ከሆነ 30 ሰከንድ ይጨልምልሃል፣ አርቸሮቹ ባሉበት ቆመው ይሰወራሉ።

የግሩንት ወንድም፦
30 ሰከንድ! እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እጠብቃለኋ። ከዚያስ?

አሮጌ እጅ፦
ከዚያማ እየጠበቅክ ክሪፕ የሚባሉትን የካርታውን አውሬዎች አልገደልክ፣ ሌቭልም አልጨመርክ። አርቸሮቹን ከሙን ዌሉ ሳታርቅ ድቦቹን አሠራ፣ ሌሊት ወፍ። ቀን ላይ ከኦርክ ጋር ሜዳ ወጥተህ አትጋጠም። ሲመሽ ካርታው ላይ ያሉት ክሪፖችም ይተኛሉ፣ ጉድጓድህም ይሞላል፣ ያኔ ውጣ።

ሳሮን፦
እሱ እስኪመሽ ቤዝህ በር ላይ ሬይደሮቹን ይዞ ሙን ዌሎቹን እያፈረሰ ከሆነስ? አንዱ ጉድጓድ 180 ወርቅና 40 እንጨት ነው፣ ሲፈርስ 10 ምግብም አብሮ ይሄዳል። ለዚህኛው ማንም መልስ አልሰጠኝም።